ሁለት ጊዜ ጮኾ የሚያቆመው ስልክ

ጃንዋሪ 22፣ እሑድ

የጫጩት ትዕዛዝ ዛሬ ተከፈተ። ከአሁን ጀምሮ እስከ ማርች መጨረሻ ገበሬው ሁሉ ከብቱን መግቦ፣ ቦት ጫማውን አውልቆ፣ ራቱ እስኪቀርብ ድረስ ወደ ቤታችን ይደውላል። «ነስተር፣ ሃምሳ የሥጋ፣ ሃያ አምስት የእንቁላል» ይላል። እጽፋለሁ። አለቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርተናል። የመኖ መደብሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የወጥ ቤታችን ስልክ ግን አይዘጋም። ቁጥሩ በየጆንያው ላይ ታትሟል።

ዛሬ ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ። ጫጩት ፈላጊ ሁለት ብቻ። የቤት ማሞቂያ የአየር ቱቦ እንጥረግላችሁ የሚሉ ሦስት። የመርከብ ሽርሽር ዕጣ ደርሶሃል የሚል የተቀዳ ድምፅ ሁለት። ሳነሳው ትንፋሽ የሌለው አንድ። ሁለት ጊዜ ጮኾ፣ ሳልደርስበት የቆመ አንድ።

ቤታችን የአየር ቱቦ የለውም። አባቴ ሲሠራው በሙቅ ውሃ እንዲሞቅ አድርጎ ነው። ይህን ለሦስቱም ነገርኳቸው። ሦስተኛው «የለውም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም ጌታዬ» አለኝ።

ስለዚህ ይህን ደብተር ከፈትኩ። ማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት እንደደወለ፣ ምን እንዳለ እጽፋለሁ። ሰው ሁሉ «ቁጥሩን ቀይረውና ተገላገል» ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የያዝኩትን ቁጥር የመርከብ ሽርሽር ሻጭ አያስጥለኝም።

ጃንዋሪ 25፣ ረቡዕ

ሰባት ጥሪ። ጫጩት ሦስት። ቱቦ ሁለት። ኢንሹራንስ አንድ።

ሰባተኛው ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ጮኾ ቆመ። ልነሳ ስል ኦሌሲያ «ተወው» አለችኝ። እጇን በፎጣው ጠረገችና ወደ ድስቷ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ማዜም ጀመረች። ባለቤቴ ስታበስል አታዜምም።

እሑድም ልክ በዚህ ሰዓት ነበር። መደብሩ ውስጥ የሚያግዘኝ ኮርኒ ነገሩን ያውቀዋል፤ ሻጮቹ ቁጥሩ ሕይወት እንዳለው የሚፈትሽ ማሽን አላቸው አለኝ። ሁለት ጊዜ ያስጮኽና ይዘጋል። ማሽን ነው።

በእኛ አገር ሁለት ጊዜ አስጩኾ መዝጋት ሌላ ትርጉም ነበረው። በክረምት በረዶ መንገድ የወጣ ሰው ቤቱ ሲገባ ወደ ተነሳበት ቤት ይደውላል፤ ሁለት ጊዜ ካስጮኸ በኋላ ይዘጋል። ማንም አያነሳውም። በሰላም ገብቻለሁ ማለት ነው፤ የሩቅ ጥሪ ክፍያም የለበትም። ልጃችን ዳርካ ብራንደን ከተማ ኮሌጅ ስትገባ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

አሁን እንዲህ የሚደውልልን የለም። ዳርካ ከዚህ ቤት ከወጣች በሜይ አራት ዓመት ይሞላታል። ከባድ መኪና እየነዳች በየሳምንቱ ከብራንደን ወደ ሰሜን ትመላለሳለች ይላሉ። ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ከእናቷም ጋር እንደዚያው።

ጃንዋሪ 28፣ ቅዳሜ

በበረዶው ላይ ድንጋይ የምናንሸራትትበት ክበብ ውስጥ የዓመቱ ውድድር ነበር። ቡድናችን ተሸነፈ። ቡና ልቀዳ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ሳለ የድሮ ደንበኛዬ ፓራስካ ዱዳር ከእህቷ ጋር ስታወራ ሰማሁ። እኔን አላየችኝም።

«ትናንትም ራት ላይ ደወለ» አለች እህቷ።

«ማን? ቱቦ ጠራጊው?»

«ነስተር ነዋ! ‹ዘንድሮ ጫጩት አላዘዝሽም› ብሎ።»

«አዬ፣ ታዲያ እሱ ከቱቦ ጠራጊዎቹ በምን ይለያል?»

«እሱስ ጫጩቱን ያመጣልሻል።»

«ያመጣል እንጂ! የታመመውንም አብሮ ያመጣል።» ሁለቱም ሳቁ።

ቡናዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ለደንበኛ መደወልና ለማያውቁት ሰው መደወል አንድ አይደለም። እኔ የምደውልላቸውን ሰዎች የዶሮ ቤታቸውን በር ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ጃንዋሪ 31፣ ማክሰኞ

ከመደብሩ፣ ከመክፈቴ በፊት።

ፓራስካ ያነሳችው ነገር ያለፈ ነው፤ ግን እዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ከአራት ዓመት በፊት በሜይ አንድ ዙር ጫጩት ከመፈልፈያው መጣ። ለአርባ ስድስት ቤት አከፋፈልነው። በማግስቱ ዳርካ የተረፉትን አየችና «ታመዋል ታቶ፣ ክንፋቸው ወርዷል፣ ለሰዎቹ እንንገር» አለችኝ። እኔን አባቷን ታቶ ነው የምትለኝ። ሰኞ መፈልፈያው እስኪከፈት እንጠብቅ አልኳት። ቅዳሜ ነበር። ነጋዴ ሳያረጋግጥ ገበያ አይረብሽም። እሷ ግን ዝርዝሩን ይዛ በወጥ ቤቱ ስልክ ከላይ ጀምራ መደወል ያዘች። ሠላሳኛው ቤት ላይ ስትደርስ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት።

በዚያው ሳምንት ወጣች። በሩ ላይ ለእናቷ «እንድትለምኚልኝ አልፈልግም፤ ገመዱን የነቀለው ይሰካው» አለቻት። ገመዱን እኮ በዚያው ምሽት ሰክቼዋለሁ። ካልሰካሁትማ ይህ ሁሉ ሻጭ በምን ይገባል?

የቀሩት ሰዎች ሰኞ ሰምተዋል። አለቀ።

ፌብሩዋሪ 3፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። የመኖ መኪና መጣ። አሥራ ሁለት ጥሪ። ቱቦ አምስት። ጭር ያለ ዝምታ ሁለት። ለዝምታዎቹ የውሻ ፊሽካ ነፋሁላቸው። ኦሌሲያ ፊሽካውን ነጥቃ ወደ ቆሻሻው ጣለችው። «ማን እንደሆነ ሳታውቅ!» አለች። ምን ሆነች?

ፌብሩዋሪ 9፣ ሐሙስ

ዘዴ ቀየርኩ። አሁን ለሚደውለው ሁሉ ጫጩት እሸጣለሁ።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ «ስለ ቤተሰብዎ ዋስትና አስበው ያውቃሉ?» ሲለኝ «አንተስ ስለ እንቁላል አስበህ ታውቃለህ?» አልኩት። ስድስት ደቂቃ ያዝኩት። ዋጋ ጠየቀኝ! ከዚያ አለቃው መጣበት መሰለኝ ዘጋ።

ከቱቦዎቹ አንዷ ሮዳ ትባላለች። ድምፅዋ ጉንፋን የያዘው ነው። «የአየር ቱቦዎን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አስጠረጉ?» አለችኝ።

«መቼም።»

«እንግዲያው በጣም ቆይቷል ማለት ነው!»

«ስሚኝ ልጄ፣ ቤቴ ቱቦ የለውም። የዶሮ ቤት ግን አለኝ፤ እሱን ትጠርጊልኛለሽ?»

«አስተዳዳሪዬን ልጠይቅልዎ» አለችና ሳቋን መግታት አቃታት። «ጌታዬ፣ እባክዎ አያስቁኝ፤ ጥሪው ይቀዳል።»

«ይቀዳ! ያንቺ ሳቅ ከምትሸጪው ነገር የተሻለ ነው። በቀን ስንት ሰው ይዘጋብሻል?»

«ሁለት መቶ። ጥሩ ቀን ከሆነ።»

«እና ሁለት መቶ አንደኛውን እንዴት ትደውያለሽ?»

«የዘጋብኝ ሰው እኮ አያውቀኝም» አለች። «የዘጋው ስልኩን ነው እንጂ እኔን አይደለም።»

ጎበዝ ሻጭ ናት። ቱቦ ለሌለው ቤት ጥረጋ እንድትሸጥ የላኳት ሰዎች ግን አይገቧትም። እንዲያ አልኳት። «ሥራ ካለዎት ይቅጠሩኝ» ብላ ዘጋች።

ፌብሩዋሪ 15፣ ረቡዕ

ይህ ከቀልድ አልፏል። ዛሬ አሥራ አራት ጥሪ። መርከብ አራት፣ ቱቦ ስድስት። ትናንት ማታ ከሻጮቹ አንዱን በነገር እየጎተትኩ ሳለ ኤድዊን ቲሰን ሦስት ጊዜ ደውሎ «መስመሩ ተይዟል» ሆኖበታል። ሦስት መቶ የሥጋ ጫጩት ከሌላ መደብር አዘዘ። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነገረኝ። «ስልክህን ሻጮች ወረሱት ነስተር» አለኝ። ሃያ ዓመት ከእኔ ነው የሚገዛው።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ያቺ ሁለት ጊዜ ጩኸት እንደገና። ረቡዕ ነው ዛሬ። እሑድም ነበረች። ኦሌሲያ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ሹራብ እየሠራች ነበር። «ማሽኑ ነው» አልኳት። «አዎ፣ ማሽኑ ነው» አለች። ሹራቡ ትልቅ ነው። ለእኔ ይጠበኛል፤ ለእሷ ይሰፋታል። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ፌብሩዋሪ 18፣ ቅዳሜ

ዶፊን ከተማ ሄጄ መሣሪያ ገዛሁ። ጡብ የምታህል ጥቁር ሣጥን ናት፤ በስልኩና በግድግዳው መካከል ትሰካለች። የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የእኔን የተቀዳ ድምፅ ነው። አምስት ቁጥርን ከተጫነ ስልኩ ይጮኻል። ካልተጫነ እኛ ምንም አንሰማም። ማሽን መጫን አይችልም። ሰው ይችላል።

ድምፄን ሰባት ጊዜ ቀዳሁ። ኮርኒ «ለስለስ አድርገው» ይለኛል፤ ለማን ብዬ? በመጨረሻ እንዲህ ቀረ፦

«ነስተር ሃውሪሉክ ነኝ። የምትናገሩት ነገር ካላችሁ አምስትን ተጫኑ። ከሌላችሁ ወደዚህ ቤት አትደውሉ። ይበቃል።»

ኦሌሲያ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው።

«ሁሉም ሰው ነው አምስትን የሚጫነው?»

«ሰው ከሆነ ይጫናል።»

«መናገር የማይፈልግስ?»

«መናገር የማይፈልግ ሰው ለምን ይደውላል?»

ወደ ምድር ቤት ወርዳ ድንች ስትመርጥ ቆየች። ለሦስት ቀን የሚበቃ ድንች ይዛ ወጣች።

ፌብሩዋሪ 20፣ ሰኞ

ሁለት ቀን፣ አምስት ጥሪ፣ አምስቱም ጫጩት! ቱቦ ባዶ። መርከብ ባዶ። ድል ማለት ይህ ነው።

ፌብሩዋሪ 22፣ ረቡዕ

ሦስት ጥሪ፣ ሁሉም ትዕዛዝ። ጸጥታው ደስ ይላል።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ኦሌሲያ ተነስታ የስልኩን እጀታ አነሳች፤ ጆሮዋ ላይ አድርጋ መለሰችው። «ምን ሆነሽ?» አልኳት። «መስመሩ መኖሩን ነው» አለች። ሩብ ሰዓት ቆይታ ደግማ አነሳችው።

የቀይ ሥሩ ሾርባ፣ ቦርሹ፣ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ገብቷል። ዝም ብዬ በላሁት።

ፌብሩዋሪ 26፣ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። እንደ ልማዳችን አይቡንና ቅቤውን ዛሬ መጨረስ አለብን። ኦሌሲያ አይብ በሊጥ ጠቅልላ አንድ መቶ ሃያ ፒሮጊ ሠራች። እኛ ሁለት ነን። «ማን ይበላዋል?» ስላት «የሚመጣ ሰው» አለች። ማንም አልመጣም። ለኮርኒ ላኩለት።

ሁለት ሰዓት ላይ ሬዲዮኑን ከፍታ የመንገድ ሁኔታ አዳመጠች። ወደ ሰሜን የሚወስደው ቁጥር ስድስት መንገድ ያንሸራትታል አሉ። እኛ ወደዚያ የምንሄድበት ጉዳይ የለንም።

ሣጥኗን እንድንነቅል ጠየቀችኝ። ለአንድ ምሽት ብቻ አለች። ቲሰንን አስታወስኳት። እስከ ማርች መጨረሻ አትነቀልም አልኳት። ሣጥን የሚገዛ ሰው እስከ መጨረሻው ይጠቀምባታል።

ፌብሩዋሪ 29፣ ረቡዕ

ትዕዛዝ፦ ሰባት። ቱቦ፦ ዜሮ። ኦሌሲያ፦ ራት አልበላችም። ጾም ነው አለች። ጎመኑም እኮ የጾም ነው።

ማርች 5፣ ሰኞ

ጠዋት። መደብሩን አልከፈትኩም። በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል። የትናንቱን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዕበሉ ጀመረ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮኑ ቁጥር ስድስት መንገድ ተዘግቷል፣ ከባድ መኪናዎች ተገልብጠዋል አለ። ኦሌሲያ ከስልኩ ሥር ወንበር አስቀምጣ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ሞላ። ሁለት ተኩል ሆነ። ከዚያ ተነስታ ሣጥኗን ከነገመዷ ነቅላ ወለሉ ላይ ጣለቻት። በእግሯ ወደ ጥግ ገፋቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ያቺ ማሽንህ ልጄ ናት» አለች። «አራት ዓመት! እሑድ እዚያ ስትደርስ፣ ረቡዕ ስትመለስ ሁለት ጊዜ ታስጮኻለች። እኔ አላነሳም። ካነሳሁት ትተወዋለች ብዬ እፈራለሁ። ያለኝ ይህ ብቻ ነው፣ ሁለት ጩኸት! አንተ እሱን ወሰድክብኝ።»

«አልነገርሽኝም።»

«ነስተር። አንተ አታውቅም ነበር?»

ለዚህ መልስ አልሰጠሁም። እዚህ ግን ልጻፈው። ጥጃን በዓይኔ አይቼ ክብደቱን በአምስት ፓውንድ ልዩነት የምናገር ሰው ነኝ። እሑድና ረቡዕ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ጊዜ። አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ረቡዕ ጀምሮ አውቅ ነበር። ሣጥኗን ስገዛ ለሻጮቹ ነው ያልኩት እውነት ነው፤ ሌላም ነገር ነበረበት። የምትናገረው ካላት ትጫነው ብዬ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሁለታችንም ዘለልን። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ሦስተኛም ጮኸ። አነሳሁት።

«እንደምን አመሹ ጌታዬ! በአካባቢዎ የአየር ቱቦ...»

«ወንድሜ፣ ማዕበል ውስጥ ያለ ሰው እየጠበቅን ነው። መስመሩን ልቀቅልን።»

«እሺ ጌታዬ፣ ለልዩ ቅናሹ ግን ነገ መደወል...»

ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልጮኸም።

ሦስት ተኩል ላይ ኦሌሲያ የጭነት ድርጅቱን ቁጥር ከመዝገብ አገኘች። ክላይድ የሚባል ተረኛ አነሳ፤ ድምፁ ከጆሮዋ አልፎ ይሰማኛል። «ዳርካ ሃውሪሉክ? ደኅና ናት እመቤት! ከመዘጋቱ በፊት ነው ያለፈችው። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቶምፕሰን ከተማ ናት።» ኦሌሲያ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ለምን አልደወለችም?» አለች።

ክላይድ «እንግዲህ እኔን አይመለከተኝም» አለ። «ግን አባቷ በገዛ ድምፁ ወደዚህ ቤት አትደውሉ፣ ይበቃል ብሎ ቀድቷል ብላኛለች። ሁለት ሳምንት ሆነው። ከዚያ ወዲህ በመኪናዋ መገናኛ ሬዲዮ ላይ እንኳ አታወራም።»

ሰባት ጊዜ ነበር የቀዳሁት። ጠንከር እንዲል ብዬ።

ማርች 6፣ ማክሰኞ

የዳርካ ቁጥር ኦሌሲያ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ ትዘጋብኛለች ብላ ደውላበት አታውቅም። ሰጠችኝ።

ከመደብሩ ደወልኩ። «ሄሎ?» አለች። «ዳርካ፣ አባትሽ ነኝ፣ እንደምን...» ዘጋችው።

አራት ሰከንድ።

ማርች 7፣ ረቡዕ

ደግሜ ደወልኩ። «ዳርካ፣ አትዝጊ፣ ስለ ሣጥኑ ላስረዳሽ» አልኳት። ዘጋችው። ሰባት ሰከንድ። ጭማሪ አለው።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ኦሌሲያ ከስልኩ ሥር ነበረች። አልጮኸም። ሹራቡ አልቋል፤ ክንዱ ረጅም ነው፣ እንደ ዳርካ ክንድ። ወንበሩ ላይ አንጥፋዋለች።

ማርች 9፣ ዓርብ

ሣጥኗ የለችም፤ ሻጮቹ ተመልሰዋል። ስድስት ዛሬ። ከስድስቱ አንዷ ሮዳ ነበረች።

«ጌታዬ፣ የአየር ቱቦዎን...»

«ሮዳ፣ የዶሮ ቤቱ ሰውዬ ነኝ። ዛሬ እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። የሚያውቅሽ ሰው ቢዘጋብሽስ? ስልኩን ሳይሆን አንቺን?»

ከጀርባዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም ስለ ቱቦ ያወራል።

«ማን ነው የዘጋብዎ?»

«ልጄ።»

«ምን ብለው ጀመሩ?»

«እንዴት ነሽ ልላት ነበር። በማግስቱ ደግሞ ላስረዳሽ አልኳት።»

«ኧረ አባባ!» አለች። ጌታዬ ማለቱን ተወችው። «‹እንዴት ነዎት› ካሉ ሻጭ ነዎት። ‹ላስረዳ› ካሉ ጥፋተኛ ነዎት። ሰውየው በልቡ የያዘብዎን ነገር ቀድመው ይናገሩት። እሱ ሊለው የነበረውን ከአፉ ሲወስዱበት የሚዘጋበት ምክንያት ያጣል። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታውን እንዳይሞሉት። እኛ ሻጮች የምንከስረው ዝምታው ላይ ነው።»

«ይህን ለቱቦ ማባከን ነውር ነው።»

«አውቃለሁ» አለችና ድምፅዋን ቀየረች። «እንግዲያው ጌታዬ፣ ፍላጎት ከሌለዎት መልካም ምሽት።» አለቃዋ መጣ መሰለኝ።

ማርች 13፣ ማክሰኞ

አራት ቀን ሳስብበት ቆየሁ። በልቧ የያዘችው ምን እንደሆነ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ አፌ ላይ ለማምጣት ነው አራት ቀን የፈጀብኝ።

ደወልኩ። «ሄሎ» አለች።

«ጫጩቶቹ ታመው ነበር» አልኩ። «ቅዳሜ ዕለት እኔም አይቻቸው ነበር። አንቺ የደወልሽላቸው ሠላሳ ቤቶች ለይተው አስቀመጧቸው፣ ዶሮዎቻቸው ተረፉ። እኔ ገመዱን ነቅዬ ያስቀረኋቸው አሥራ ስድስቱ ቤቶች ግን አሮጌዎቹም ሳይቀሩ አለቁባቸው። የፓራስካም።»

ከዚያ ዝም አልኩ። የቆመ መኪና ሞተር ሲያጉረመርም ይሰማኛል። የመደብሩን ሚዛን እያየሁ ቆየሁ። አልሞላሁትም።

«ምንድን ነው የምትሸጥልኝ?» አለች በመጨረሻ።

«ምንም።»

«አንተ ሳትሸጥ ደውለህ አታውቅም ታቶ።»

«ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«‹የምትናገሩት ከሌላችሁ አትደውሉ።› በራስህ ድምፅ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሜ ነው የሰማሁት። ሁለት ጊዜ ደውዬ ሰማሁት፣ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ።»

«ለቱቦ ጠራጊዎቹ ነበር።»

«የምን ቱቦ? ቤቱ ቱቦ የለውም እኮ!»

«እሱን ነው የምነግራቸው! አይሰሙም!»

አንድ ነገር ሰማሁ። ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም። መናገር የነበረብኝ አንድ ነገር ቀረ፤ እሱንም አልኳት፦ «ሁለት ጊዜ የሚያስጮኸው አንቺ እንጂ ማሽን አለመሆኑንም አውቅ ነበር።»

«መንዳት አለብኝ» አለች። ድምፅዋ ተቀይሯል። «ሐሙስ ብራንደን ነኝ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ሻጭ አይደለህ? ፈልገህ አግኘው።» ዘጋችው።

ሐሙስ። ቀኑን ሰጠችኝ። በዚህ ሙያ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የማይገዛ ደንበኛ ቀን አይሰጥም።

ማርች 15፣ ሐሙስ

መደብሩን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘጋሁ። በጫጩት ወቅት ይህን አድርጌ አላውቅም። ኤድዊን ቲሰን በሩ ላይ ደረሰብኝ። ሃሳቡን ቀይሯል፤ ሦስት መቶውን ከእኔ ሊወስድ ፈልጓል።

«ነገ ና» አልኩት።

«ነስተር፣ ታመሃል?»

«ስልክ እደውላለሁ።»

«ማታ ስደውልልህ መስመሩ ይያዛል ማለት ነው?»

«ይያዛል። ብትቆጣም ይያዛል።»

ዘጠኝ ተኩል፦ አላነሳችም። አሥር ሰዓት፦ አላነሳችም። አሥር ተኩል፦ ተይዟል። ኦሌሲያ ወጥ ቤቱ ውስጥ እየተንቆራጠጠች «እባክህ ሰው አታሰልች፣ አንድ ቀን ይለፍ» አለችኝ። አልተውም አልኳት። አሥራ አንድ ሰዓት፦ አላነሳችም። አሥራ አንድ ተኩል ላይ አነሳችው።

«አምስተኛህ ነው» አለች።

«ስድስተኛም ይኖር ነበር።»

ለእናቷ እጀታውን ሰጠኋት። ሃያ ደቂቃ ተነጋገሩ፤ እኔ ደጅ ወጥቼ በረዶ ጠረግሁ፤ የሚጠረግ በረዶ ግን አልነበረም። ኦሌሲያ መስኮቱን አንኳኳች። ስገባ ዓይኗ ቀልቶ፣ እጇ ሹራቡ ላይ ነበር። «አንተን ነው የምትፈልገው» አለች።

«ዘንድሮ ስንት አዘዙ?» አለች ዳርካ።

«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ቲሰን ነገ ሲጨምር ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ።»

«ከዚያው መፈልፈያ ነው?»

«ከዚያው።»

«የዘንድሮውን የጤና ወረቀት አሳይተውሃል?»

አላሳዩኝም። አልጠየቅኩም። በአራቱ ዓመት አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም። የዶሮ ቤቱን በር ሳይቀር የማውቀውን ሰው ሁሉ እያሰብኩ ለልጄ «አልጠየቅኩም» አልኳት።

«ጠይቅ» አለች። «ምን እንዳሉህ ደውለህ ንገረኝ። የመጀመሪያው ጭነት ከመምጣቱ በፊት። ካልሰጡህ ግን ታቶ፣ ዝርዝሩን እኔ እይዘዋለሁ፤ ከላይ ጀምሬ እደውላለሁ። ዘንድሮ ገመዱን የሚነቅልብኝ የለም።»

«ማንም አይነቅልብሽም።»

መፈልፈያው ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እደውላለሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» ይሉኛል፤ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። «መልሰን እንደውልልዎታለን» ይሉኛል፤ አይደውሉም፤ ምሳቸው ላይ እደውላለሁ። ወረቀቱ እጄ ላይ እስኪገባ ድረስ፣ ስሜን ሲሰሙ ዓይናቸውን እስኪጨፍኑ ድረስ እደውልላቸዋለሁ። ከዚያ ለልጄ እደውላለሁ።